“እና ጓደኞቻቸው”፦ የአንድ ታፔላ ታሪክ

ሐዋሳ ውስጥ በእግር መሄድ የሚወድ ሰው ታፔላ ማንበብ ይለምዳል። ከተማዋ ለጥ ያለች ናት፤ ዳገት ስለሌለ ዓይን ሥራ አይፈታም። ከፒያሳ ተነስታችሁ ወደ መናኸሪያ፣ ከዚያም ወደ አቶቴ ብታዘግሙ ቀለሙ በፀሐይ የለቀቀ ቆርቆሮ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ደጋግሞ ያጋጥማችኋል፦ “እገሌ፣ እገሊት እና ጓደኞቻቸው የብረታ ብረትና እንጨት ሥራ ኅ/ሽ/ማ”። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ “እገሌ፣ እገሌ እና ጓደኞቻቸው የኮብልስቶን ሥራ ኅ/ሽ/ማ”። ሥራው ይለያያል፣ ስሙ ይለያያል፤ “እና ጓደኞቻቸው” ግን አይቀርም።

እኔ እነዚህን ታፔላዎች ለዓመታት ሳነብ “ጓደኞቻቸው” የምትለዋ ቃል የፍቅር ምልክት ትመስለኝ ነበር። ስማቸው ለመጻፍ ቦታ ያጣ ጓደኞች፣ ግን ያልተረሱ። ነገሩ የፍቅር ሳይሆን የዕዳ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ያወቅሁትም የአጎቴ ልጅ ስላስቸገረችኝ ነው። እሷና ሁለት ጓደኞቿ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. ፋብሪካውን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ከዚያ በኋላ የብዙ ልጆች ኑሮ ተናጋ። እነዚህ ሦስቱ ግን እጃቸው ላይ ሙያ ቀርቷል። አሁን ሦስት ሲንጀርና አንድ ኦቨርሎክ ገዝተው የተማሪ ዩኒፎርም ሊሰፉ ነው። የጠየቁኝ ጥያቄ አጭር ናት፦ “ምን ብለን እናውጣው? በአንዳችን ስም ይሁን፣ ኅ/ሽ/ማ እንባል፣ ወይስ ፒ.ኤል.ሲ.?”

መልሱን ፍለጋ ስሄድ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። እስቲ አብረን እንግባ። (ዓመቶቹ “እ.ኤ.አ.” ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመቀናጆ እስከ ካምፓኒ

ሽርክና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ጥማድ ሲያሟላ “መቀናጆ” ይባላል። ደቦ አለ፣ እቁብ አለ፣ እድር አለ። የእነዚህ ሁሉ ሕግ ያልተጻፈ ነው፤ ዳኛው ይሉኝታ ነው። መቀናጆ የሚሠራው የጎረቤትህ በሬ ቢሞት ማን እንደከሰረ ሁለታችሁም ስለምታውቁ ነው። ዕዳው ከሁለታችሁ አጥር አያልፍም።

ችግሩ የሚመጣው የማታውቀው ሰው ሲያበድርህ ነው። ያ ሰው “በሬው የማን ነው? ቢሞትስ ማንን ልያዝ?” ብሎ ይጠይቃል። የንግድ ድርጅት ሕግ በየትኛውም አገር ቢሆን ከሥር ከሥሩ የዚህች ጥያቄ መልስ ነው።

በእኛ አገር የአክሲዮን ወሬ ከምኒልክ ዘመን ይጀምራል፤ የባቡሩ ኩባንያም፣ በ1898 ዓ.ም. በሩን የከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም በአክሲዮን የቆሙ ነበሩ። ግን የውጭ ሰዎች በውጭ ሰዎች ሕግ ያቆሟቸው ነበሩ። አገሪቱ የራሷን የኩባንያ ሕግ ያወጣችው በ1925 ዓ.ም. ሲሆን ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሠራበት ጣሊያን ገባ።

እኩያሞቹ

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሡ ከስደት የተመለሱበት በዓል ሲከበር፣ የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ከተማዋና ሕጉ እኩያሞች ናቸው። አንዲት ከተማ በሐይቅ ዳር መንገድ ስትቀይስ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ነጋዴዎች ሊሄዱበት የሚገባው መንገድ በወረቀት ይቀየስ ነበር።

ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ መምህር ዣን ኤስካራ ናቸው። እሳቸው በ1955 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ሕጉ ስድስት ዓይነት የንግድ ማኅበር ደረደረ፦ ተራ የሽርክና ማኅበር፣ የእሽሙር ማኅበር፣ የኅብረት ሽርክና ማኅበር፣ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር፣ አክሲዮን ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። ይህ የመጨረሻው ነው ዛሬ ሁላችንም “ፒ.ኤል.ሲ.” የምንለው። ጀርመኖች በ1892 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት፣ ፈረንሳዮች በ1925 እ.ኤ.አ. የተዋሱት ነው፤ ዓላማውም ለትልቅ አክሲዮን ማኅበር አቅም የሌለው ነጋዴ ከከሰረ ቤቱን እንዳያጣ ማድረግ ነው። ያወጣኸው ገንዘብ ይጠፋል፤ ያላወጣኸው ግን ያንተ ነው።

አሁን ወደ ታፔላችን እንመለስ። ኅ/ሽ/ማ ማለት የኅብረት ሽርክና ማኅበር ነው። የ1952ቱ ሕግ ቁጥር 280 በዚህ ማኅበር ውስጥ ያለ ሸሪክ ሁሉ ለማኅበሩ ዕዳ በግሉ፣ በሙሉ ሀብቱ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው ይላል። በመካከላችሁ “አይ፣ እኔ ሩቡን ብቻ ነው የምከፍለው” ብላችሁ ብትፈራረሙ እንኳ ለአበዳሪው ዋጋ የለውም። “በአንድነትና በነጠላ” የሚለው ሐረግ ለልብስ ሰፊዎች የሚስማማ ይመስላል፤ ነጠላው ግን የሚለበስ አይደለም። አበዳሪው ከአምስታችሁ አንዱን ነጥሎ ይዞ ሙሉውን ዕዳ ማስከፈል ይችላል ማለት ነው። የከፈለው ሰው ከሌሎቹ ድርሻቸውን ይጠይቅ፤ ካገኛቸው።

ስሙስ? ሕጉ የዚህ ማኅበር ስም ቢያንስ የሁለት ሸሪኮችን ስም እንዲይዝና “የኅብረት ሽርክና ማኅበር” የሚል ቃል እንዲከተለው ያዛል። ምክንያቱ ሸሪኮቹን ለማክበር አይደለም። በታፔላው ሥር የሚያልፍ አበዳሪ የማን ቤት፣ የማን ከብት፣ የማን ደመወዝ ከዚህ ሱቅ ጀርባ እንዳለ እንዲያውቅ ነው። “እገሌ፣ እገሊት እና ጓደኞቻቸው” ማለት በሕግ ቋንቋ “ብንከስር የምንያዘው እኛ ነን” ማለት ነው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የዋስ ዝርዝር ነበር!

ባለ አንድ ፈቃድ ዘመን

ሕጉ አሥራ አምስት ዓመት እንደሞላው ደርግ ደረሰበት። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ደግሞ ለግል ነጋዴ ምን ያህል እንደተተወለት ተነገረው፦ ለኢንዱስትሪ የካፒታል ጣሪያው 500,000 ብር፣ ፈቃዱም ለአንድ ሰው አንድ ብቻ። የንግድ ሕጉ አልተሻረም፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው ትልቅ ነገር እንዲያቆሙ የተጻፈ ሕግ፣ ትልቅ መሆን በተከለከለበት አገር ምን ይሠራል?

የዘመኑ ማኅበር የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። በ1970 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 138 የኅብረት ሥራን የሶሻሊዝም መሣሪያ አደረገው። ብዙው ገበሬ ወዶ ሳይሆን ተነድቶ ገባበት። በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ገመዱን ሲያላሉ፣ ብዙ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። “ማኅበር” የሚለው ቃል በወላጆቻችን ጆሮ ለረጅም ጊዜ የጎመዘዘው በዚህ የተነሳ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ የተረሳ ሕግ አቧራው ተራገፈ። የነጋዴው ምርጫም ፒ.ኤል.ሲ. ሆነ። ግን ሕጉ አንድ ነገር ያስቸግር ነበር፤ ቁጥር 510 አባላቱ ከሁለት እንዳያንሱ፣ ከሃምሳ እንዳይበልጡ ይላል። ብቻውን መሥራት የፈለገ ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ሚስቱን፣ እናቱን ወይም ወንድሙን በአንዲት ድርሻ አስገባ። ስንቶቻችን ነን እናቶቻችን የማያውቁት ካምፓኒ ባለድርሻ የሆኑብን?

ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ለንደን ውስጥ አሮን ሳሎሞን የሚባል ጫማ ሠሪ በ1892 እ.ኤ.አ. ኩባንያ ሲያቋቁም ሕጉ ሰባት ሰው ይጠይቅ ስለነበር ሚስቱንና አምስት ልጆቹን አንዳንድ አክሲዮን ሰጥቶ ሰባት ሞላ። ኩባንያው ሲከስር አበዳሪዎች “ይህማ ሳሎሞን ራሱ ነው” ብለው ከሰሱት፤ የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ግን “አይደለም፣ ኩባንያው ሌላ ሰው ነው” ብሎ ፈረደ። ዓለም በሙሉ የሚጠቅሰው ፍርድ ይኸው ነው።

“ተደራጁ!”

አሁን ወደ ራሳችን ትውልድ ደረስን። በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ ወጣ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ ዘመቻነት ተለወጠ። “ሥራ አጥ ነኝ” ብሎ ቀበሌ ለሄደ ወጣት መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ “ተደራጅ”። ከተደራጀህ ሼድ አለ፣ ብድር አለ፣ የኮብልስቶን ሥራ አለ። ካልተደራጀህ የለም። ዛሬ በሐዋሳ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ባጃጅ ሲያንገጫግጨን የምንረግጠው ድንጋይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ሲደራጁ ታዲያ ምን ተብለው ነው? ከተማዋን የሞሉት ታፔላዎች መልሱን ይነግሩናል፦ ኅ/ሽ/ማ። በአገሪቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ ከባዱ ኃላፊነት ያለበት ማኅበር፣ ምንም ሀብት ለሌላቸው የሃያ ዓመት ልጆች ተሰጠ። ለፈቃድ ሰጪው ቀላል ነበር፤ ዝቅተኛ ካፒታል አይጠይቅም። ለአበዳሪውም የተመቸ ነበር፤ በቡድን ዋስትና ለሚያበድር ተቋም “በአንድነትና በነጠላ” የሚለው ሐረግ ከዚህ በላይ አይመችም። በደቡብ ያሉ ወጣቶች የሚያውቁት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን ሐዋሳ ያደረገው ኦሞ ማይክሮፋይናንስም የቡድን ብድር ከሚሰጡት አንዱ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ፓርላማው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አዋጅ ሲያጸድቅም ብዙው ወጣት የተጠራው ተደራጅቶ እንዲመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። የኅብረት ሽርክና ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር በጆሮ መንታ ናቸው፤ በዕዳ ግን ሰማይና ምድር። በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሚከስረው የገዛውን ዕጣ ብቻ ነበር፤ ድምፁም ዕጣው ቢበዛ ባይበዛ አንድ ነበር። የሲዳማ ቡና አብቃዮች በ1993 ዓ.ም. ዩኒየናቸውን ያቆሙት በዚህ አዋጅ ነው። በደርግ ጊዜ ስሙ የጎደፈው ማኅበር በአዲስ ሕግ ተመልሶ ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ ሸጠ። ስለዚህ “ኅብረት” የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ የፈረመ ልጅ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል “ሥራ” ይሁን “ሽርክና” ማየት ነበረበት። ማን ነገረው?

እንበል፣ አምስት ልጆች 200,000 ብር ተበደሩ። አንዱ አዲስ አበባ ሄደ፣ አንዷ አረብ አገር ገባች፣ አንዱ አገባና ተወው፣ አንዱ ታመመ። አምስተኛው ሐዋሳ ቀርቷል፤ እንዲያውም ደህና መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። አበዳሪው ማንን ይይዛል? በጎበዙ ላይ ይፈረዳል። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ድሩ ሲበጠስ ግን አንበሳው የሚነክሰው ገመዱን ይዞ የቀረውን ነው።

ስልሳ አንድ ዓመት ጠብቆ

የንግድ ሕጉ ስልሳ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ መጋቢት 2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ጸደቀ። ለእኛ ቢጤው ሁለት ነገር ለወጠ፤ ሦስተኛውን ግን አልነካም።

አንደኛ፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ቻለ። እናቶቻችን ከአንዲት ድርሻቸው ነፃ ወጡ። ባለቤቱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ማን እንደሚተካው ግን አስቀድሞ መሰየም አለበት። የማኅበሩንና የራሱን ኪስ የሚያደባልቅ ሰውም ከለላውን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለባለሙያዎች ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል አዲስ መልክ መጣ። ተራ የሽርክና ማኅበርም ከዝርዝሩ ወጣ።

ሦስተኛው የዋጋ ነገር ነው። በ1952ቱ ሕግ ፒ.ኤል.ሲ. ለማቋቋም ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 የኢትዮጵያ ብር ነበር። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ስለነበር 6,000 ዶላር ያህል ነው፤ ለአንድ ልብስ ሰፊ የማይታሰብ። ዛሬም ዝቅተኛው ያው 15,000 ብር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ከ150 ዶላር አይበልጥም፤ አንድ ደህና ሲንጀር እንኳ አይገዛም። ብር መውደቁ ያልጎዳው ነገር ቢኖር ይኸው በር ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ በሩ በራሱ ጊዜ ዝቅ ብሎ መጣልን።

ለሦስቱ ምን አልኳቸው?

በአንዳችን ስም ይሁን? ፈጣኑና ርካሹ እሱ ነው። ግን ፈቃዱ የአንዷ ነው፤ ዕዳውም የእሷ። ሁለቱ ገንዘብ አውጥተው ለሌላው ዓለም የማይታዩ ይሆናሉ። ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ስውር ሽርክና ስም አለው፣ እሽሙር። አይመዘገብም፣ ሰውነት የለውም፤ ዕዳ የሚጠየቀው ፊት የወጣው ሸሪክ ብቻ ነው። ተማምነው ይሆናል። ግን መተማመን የሚፈተነው ሲከስሩ ሳይሆን ሲያተርፉ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ በጽሑፍ ይሁን።

ኅ/ሽ/ማ? ስለ እሱ ከላይ ብያለሁ። ሰዎች “ግብር ይቀንሳል” ብለው የሚመርጡት ከሆነም በደንብ ይጠይቁ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ “ድርጅት” ሲባል ሽርክናንም ይጨምራል፤ ድርጅት ደግሞ በመርህ ደረጃ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ከትርፉም 30 በመቶ ይከፍላል። የፒ.ኤል.ሲ.ን ሸክም ተሸክሞ ከለላውን መተው ምን ይባላል?

ፒ.ኤል.ሲ.? የእኔ ምክር ይኸው ነው፤ ከነችግሩ። የመመሥረቻ ጽሑፍ ማዘጋጀትና ማጽደቅ ይፈልጋል፣ የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ከትርፍ ግብሩ በኋላ ለባለድርሻ ሲከፋፈልም ሌላ ግብር አለ። ደግሞም አትታለሉ፤ አበዳሪው “እናንተ በግላችሁ ዋስ ፈርሙ” ካለና ከፈረማችሁ፣ ሕጉ የሠራውን አጥር በራሳችሁ እስክሪብቶ አፈረሳችሁት። አጥሩ የሚጠብቃችሁ ከጨርቅ አቅራቢው፣ ከቤት አከራዩ፣ ከከሰረ ውል ነው፤ በገዛ እጃችሁ ከፈረማችሁት ዋስትና ግን አያድናችሁም።

ከሁሉ በላይ ግን የቱንም ብትመርጡ አንድ ገጽ ጻፉ አልኳቸው፦ አንዳችን ብንወጣ ሲንጀሩ የማን ነው? ደንበኛው የማን ነው? የሚወጣው ሰው ድርሻ በስንት ይገመታል? ከፒ.ኤል.ሲ. እና ከኅ/ሽ/ማ ክርክር ይልቅ ብዙ ጓደኝነት ያፈረሰው የዚህች ገጽ አለመኖር ነው።

ሦስቱም ካዳመጡኝ በኋላ ፒ.ኤል.ሲ. ብለው ወሰኑ። የአጎቴ ልጅ ግን ትንሽ ቅር አላት።

“ታዲያ ስማችን ታፔላው ላይ አይወጣም ማለት ነው?”

ሕጉ አያስገድዳችሁም፣ ከፈለጋችሁ ግን ማን ይከለክላችኋል አልኳት። እሷ ግን ስሟን የፈለገችው ለዕዳ አልነበረም። ፋብሪካ ውስጥ በሰፋችው ሸሚዝ ሁሉ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎ ባሕር ሲሻገር ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ የራሷን ስም ቆርቆሮ ላይ ማየት አማራት። የፈረንሳይ ሊቃውንት ለአበዳሪ መያዣ ብለው የጻፉትን የሐዋሳ ልጆች የክብር ቦታ አድርገውታል። ማን ተሳሳተ ለማለት አልደፍርም።

ስሙን ገና አልወሰኑም። የመስከረም ዩኒፎርም ከመድረሱ በፊት ግን መወሰን አለባቸው። ቸር እንሰንብት።